ከጉበት ንቅለ ተከላ በኋላ ሄፓታይተስ ቢ እንዳይመለስ፦ ከቀዶ ጥገናው በፊት እስከ ዕለት ተዕለት ክትትል

በሄፓታይተስ ቢ ምክንያት ጉበቱ የተጎዳ ሰው አዲስ ጉበት ሲተከልለት ቤተሰቡ ሁሉ እፎይ ይላል። ተገቢ ነው። ግን አንድ ነገር ከመጀመሪያው መታወቅ አለበት። አሮጌው ጉበት ሲወጣ ቫይረሱ ሙሉ በሙሉ አብሮ አይወጣም። ጥቂቱ በደም ውስጥና ከጉበት ውጭ ባሉ ሴሎች ውስጥ ይቀራል። በዚያ ላይ ሰውነት አዲሱን ጉበት እንዳይቃወመው የሚሰጡት መድኃኒቶች በሽታ የመከላከል አቅምን ያዳክማሉ። ዝም ከተባለ ቫይረሱ አዲሱንም ጉበት ይይዘዋል።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ የነበረው ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። መከላከያ ሳይሰጣቸው ንቅለ ተከላ ከተደረገላቸው የሄፓታይተስ ቢ ታማሚዎች ከ80 በመቶ በላይ በሚሆኑት ላይ በሽታው ተመልሷል። ብዙ የሕክምና ማዕከላት ለእነዚህ ታማሚዎች ጉበት መተካቱን እስከማቆም ደርሰው ነበር። ከዚያ ኢሚዩኖግሎቡሊን የተባለው መርፌ መጣ። ቀጥሎ ፀረ ቫይረስ ክኒኖቹ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ላሚቩዲን፣ በ2005 ኢንቴካቪር፣ በ2008 ደግሞ ቴኖፎቪር ለዚህ በሽታ ተፈቀዱ። ዛሬ መከላከያውን በአግባቡ በሚወስዱ ሰዎች ላይ በሽታው የመመለስ ዕድሉ ከ10 በመቶ በታች ወርዷል።

ይህን የምጽፈው በተለይ ሕንድ፣ ቱርክ ወይም ሌላ አገር ሄደው ንቅለ ተከላ ተደርጎላቸው ወደ አገር ቤት ለሚመለሱ ሰዎችና ለሚያስታምሟቸው ነው። ቀዶ ሐኪሞቹ ሥራቸውን ጨርሰው ይሸኙናል። ከዚያ በኋላ ጉበቱን የሚጠብቀው በየቀኑ የሚዋጥ አንድ ክኒን ነው። ክኒኑ የሚቋረጠው ሰው ግድ የለሽ ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም። መድኃኒት አለቀ፣ ወረቀት ጠፋ፣ ወይም አንድ ሰው «ኔጌቲቭ ሆነሃል፣ ድነሃል» አለ። ስለዚህ ትኩረቴን እዚህ ላይ አደርጋለሁ። የመድኃኒቱን ዓይነትና መጠን የሚወስነው ግን ሁልጊዜ ሐኪምዎ ነው።

1. ከቀዶ ጥገናው በፊት ቫይረሱን ዝቅ ማድረግ

መከላከሉ የሚጀምረው ከቀዶ ጥገናው በፊት ነው። በንቅለ ተከላው ዕለት በደም ውስጥ ያለው ቫይረስ ብዙ ከሆነ የመመለስ ዕድሉም ይጨምራል። ስለዚህ ንቅለ ተከላ ያስፈልግዎታል ከተባለ ፀረ ቫይረስ መድኃኒት ሳይጀምሩ አይቆዩ። ዛሬ በዋናነት የሚታዘዙት ኢንቴካቪር፣ ቴኖፎቪር ዲሶፕሮክሲል (ቲ ዲ ኤፍ) እና ቴኖፎቪር አላፈናማይድ (ቲ ኤ ኤፍ) ናቸው። ግቡ የቫይራል ሎድ ምርመራ፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ ብዛት የሚለካው፣ ቫይረሱን ማግኘት እስኪያቅተው ድረስ ማውረድ ነው።

ሐኪሙ ባይጠይቅዎም ሊነግሩት የሚገባ ነገር አለ፤ ከዚህ በፊት የወሰዱትን መድኃኒት ሁሉ። በተለይ ላሚቩዲንን ለብቻው ወስደው ከነበረ ይናገሩ። ላሚቩዲን ብቻውን ለዓመታት ሲወሰድ ቫይረሱ ይላመደዋል። ለአምስት ዓመት ከወሰዱት ውስጥ እስከ 70 በመቶ በሚሆኑት ላይ የተላመደ ቫይረስ ተገኝቷል። ላሚቩዲንን የተላመደ ቫይረስ ኢንቴካቪርንም ለመላመድ ይቀርበዋል። እንዲህ ላለው ሰው ቴኖፎቪር ይሻላል። የድሮ ማዘዣ ወይም ባዶ የመድኃኒት ዕቃ ካለዎት ይዘው ይሂዱ።

ሦስት ነገሮች መመርመራቸውንም ያረጋግጡ። አንደኛው የቫይራል ሎድ ነው። ሁለተኛው ሄፓታይተስ ዲ ነው። ይህ ቫይረስ ያለ ሄፓታይተስ ቢ ብቻውን መኖር አይችልም፤ ካለ ግን የመከላከያ ዕቅዱን ይለውጠዋል። ሦስተኛው ኤች አይ ቪ ነው። ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ኢንቴካቪርን ያለ ሙሉ የኤች አይ ቪ ሕክምና መውሰድ የለበትም፤ የኤች አይ ቪው ቫይረስ መድኃኒት ይላመዳልና። የኤች አይ ቪ መድኃኒትዎ ውስጥ ቴኖፎቪር ካለ እሱ ጉበትዎንም እየጠበቀ ነው። አንድ ቀን መድኃኒትዎ ሊቀየር ሲል «የሄፓታይተስ ቢ መከላከያዬ እኮ ነው» ብለው ለመናገር አይፈሩ።

2. ለጋሹን መመርመር

ከእኛ አገር የሚሄዱ ብዙዎች ከጉበቱ ከፊሉን የሚያገኙት ከዘመድ ነው። ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ ከእናት ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ ወንድምና እህትም ሳያውቁት ሊኖርባቸው ይችላል። የአውሮፕላን ትኬት ከመቁረጥ በፊት ለመስጠት ፈቃደኛ የሆኑት ሁሉ እዚሁ ይመርመሩ። ከተጓዙ በኋላ ለጋሹ አይሆንም ቢባል ጊዜውም ገንዘቡም ይባክናል። ከዚያ በላይ ደግሞ የታማሚው ጉበት አይጠብቅም።

ለጋሹ ኤች ቢ ኤስ ኤ ጂ በተባለው፣ ሄፓታይተስ ቢ አሁን በሰውነት ውስጥ መኖሩን በሚያሳየው ምርመራ ኔጌቲቭ መሆኑ ብቻ አይበቃም። አንቲ ኤች ቢ ሲ የተባለውም መታየት አለበት። ይህ ፖዘቲቭ ከሆነ ለጋሹ በአንድ ወቅት ተይዞ ነበር ማለት ነው፤ ጉበቱ ውስጥም የተኛ ቫይረስ ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለ ጉበት መውሰድ ይቻላል፤ በብዙ ቦታም ይወሰዳል። ተቀባዩ ግን፣ ራሱ ሄፓታይተስ ቢ ያልነበረበት ሰው እንኳ ቢሆን፣ ፀረ ቫይረስ መድኃኒት በቋሚነት ያስፈልገዋል።

3. በቀዶ ጥገናው ዕለት የሚሰጠው መርፌ

ኢሚዩኖግሎቡሊን ሄፓታይተስ ቢን የሚከላከል ፀረ እንግዳ አካል በብዛት ካላቸው ሰዎች ደም የሚዘጋጅ ነው። የመጀመሪያው መጠን ብዙውን ጊዜ አሮጌው ጉበት ወጥቶ አዲሱ ከመግባቱ በፊት ባለው ሰዓት በደም ሥር ይሰጣል። በብዙ ማዕከላት 10,000 ዩኒት ነው። በቀጣዮቹ ቀናት ይደገማል፤ ከዚያ እየተራራቀ በወር አንድ ጊዜ ይደርሳል። ሥራው በደም ውስጥ የሚዘዋወረውን ቫይረስ አዲሱ ጉበት ውስጥ ሳይገባ መያዝ ነው።

ሁሉም ሰው ግን ለረጅም ጊዜ መርፌ አያስፈልገውም። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ያለ መርፌ በኢንቴካቪር ብቻ ጥሩ ውጤት ተገኝቷል። በቀዶ ጥገናው ወቅት ቫይረሱ በደማቸው ያልታየና ሌላ ተጨማሪ ስጋት የሌለባቸው ሰዎች መርፌውን ቶሎ አቁመው በክኒን ብቻ ሊቀጥሉ ይችላሉ። ሄፓታይተስ ዲ ወይም ኤች አይ ቪ ያለባቸው፣ የተላመደ ቫይረስ ያለባቸው፣ ወይም ቫይራል ሎዳቸው ሳይወርድ የተተከለላቸው ሰዎች ግን ረዘም ላለ ጊዜ ይወጋሉ።

እዚህ ላይ አንድ ምክር አለኝ። ከሐኪሞቹ ጋር ስለ መርፌው ስትነጋገሩ የምትመለሱበትን ቦታ በግልጽ ንገሯቸው። መርፌው ውድ ነው፤ በየፋርማሲውም አይገኝም። በየወሩ መገኘት የማይችል መርፌ ላይ የተመሠረተ ዕቅድ ወረቀት ላይ ብቻ ያምራል። «እኛ አገር ይህን በመደበኛነት ማግኘት ይከብዳል፤ ካጣነው ምን እናድርግ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

4. ወደ አገር ከመመለስዎ በፊት፦ ወረቀቱ፣ ሰዓቱና ቀኑ

ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው። ሆስፒታሉ ሲሸኝዎ አንድ ገጽ ማጠቃለያ ይጠይቁ። ወፍራም ፋይል አዲስ አበባ ያለ ሐኪም በአንድ ቀጠሮ አንብቦ አይጨርሰውም። በዚያ ገጽ ላይ እነዚህ ይኑሩ፦ ከቀዶ ጥገናው በፊት የነበረው የመጨረሻ ቫይራል ሎድ፣ የሄፓታይተስ ዲና የኤች አይ ቪ ውጤት፣ የለጋሹ አንቲ ኤች ቢ ሲ ውጤት፣ የፀረ ቫይረሱ ስምና መጠን፣ ኢሚዩኖግሎቡሊን እስከ መቼና ምን ያህል እንደሚሰጥ፣ የታክሮሊመስ (ሰውነት አዲሱን ጉበት እንዳይቃወመው የሚወሰደው መድኃኒት) መጠንና በደም ውስጥ ሊኖረው የሚገባው ልክ። መድኃኒቶቹ በንግድ ስማቸው ብቻ እንዳይጻፉ። ዴልሂ ውስጥ የሚታወቀው የንግድ ስም እዚህ ላይታወቅ ይችላል። ኢንቴካቪር ተብሎ ከተጻፈ ግን የትም አገር ያለ ፋርማሲስት ያውቀዋል። የሐኪሙን ወይም የአስተባባሪዋን ስልክም ይያዙ።

ቀጥሎ ሰዓቱ። የሆስፒታሉ ወረቀት ላይ 8 ሰዓት ተብሎ የተጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ በእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ማለት ነው። እቤት ያሉ እናት ወይም አክስት «8 ሰዓት» የሚለውን አይተው ምሳ በልተው ሲጨርሱ ክኒኑን ቢያቀብሉ አይፈረድባቸውም። ስለዚህ ከመመለስዎ በፊት በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ በአማርኛ በትልቁ ይጻፉ፦ «ጠዋት 12 ሰዓት፣ በባዶ ሆድ» እንደማለት።

የሕንድ ሰዓት ከእኛ በሁለት ሰዓት ተኩል ይቀድማል። እዚያ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሲወሰድ የነበረ ታክሮሊመስ እዚህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይውላል። የቀኑ ሁለተኛ መጠን ደግሞ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል። ግማሽ ሰዓት ብቻ ቢገፋ ጠዋት 12 እና ማታ 12 ይሆናል። ለማስታወስም ይቀላል። ከመጓዝዎ በፊት ሐኪሙን ጠይቀው ይህን ይወስኑ።

ቀጠሮና የምርመራ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ። ሌላም አለ። ክኒኖቹ ብዙ ጊዜ በ30 ፍሬ ስለሚታሸጉ ከእኛ ወር ጋር ልክ ይገጥማሉ። አንድ ዕቃ ለአንድ ወር። ጳጉሜን ግን አትርሷት! ለአምስት ወይም ስድስት ቀን የሚሆን ክኒን በየዓመቱ ተጨማሪ ያስፈልጋል። ለዓመት ብሎ 12 ዕቃ የገዛ ሰው ለአዲስ ዓመት ዋዜማ ባዶ እጁን ይቀራል።

መድኃኒቱን ሲጓዙ በእጅ ሻንጣ ይያዙት፤ ከማዘዣው ጋር። ወደ ጭነት የገባ ሻንጣ ሊዘገይ ይችላል። የቢጫ ወባ ካርድዎን ደግሞ አይጣሉት። የቢጫ ወባ ክትባት ሕያው ቫይረስ ያለበት ስለሆነ ከንቅለ ተከላ በኋላ አይሰጥም። አንድ ጊዜ የተሰጠው ካርድ ግን ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ካልተከተቡ የሐኪም የምስክር ደብዳቤ ያስፈልግዎታል።

5. የየዕለቱ ክኒን

መመሪያው ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ፀረ ቫይረሱ ዕድሜ ልክ ነው። ጉበቱ ጥሩ ሲሠራም፣ ቫይረሱ ባይታይም፣ አሥር ዓመት ቢሆነውም ይቀጥላል።

የአወሳሰዱ ሥርዓት እንደ መድኃኒቱ ይለያያል። ኢንቴካቪር በባዶ ሆድ ነው፤ ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላና ከሚቀጥለው ምግብ ሁለት ሰዓት በፊት። ከምግብ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል። ቲ ኤ ኤፍ በተቃራኒው ከምግብ ጋር ይወሰዳል። ቲ ዲ ኤፍ ደግሞ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይሆናል። የትኛውን እንደሚወስዱ ሳያውቁ የጎረቤትን ልምድ አይከተሉ።

ኢንቴካቪር ለሚወስድ ሰው በእኛ ኑሮ የሚስማማው ሰዓት የማለዳው ይመስለኛል። እራት ብዙ ጊዜ አምሽተን ነው የምንበላው። ማታ ለመዋጥ ከእራት በኋላ ሁለት ሰዓት መጠበቅ አለ፤ ሰው እንቅልፍ ይጥለዋል። ጠዋት 12 ሰዓት በውኃ ውጦ ቁርስን 2 ሰዓት ላይ ማድረግ ይቀላል። ሐኪሙ ከፈቀደ ታክሮሊመሱም በዚያው ሰዓት ሊዋጥ ይችላል። በመሀል ያለው ሁለት ሰዓት ግን እውነተኛ ባዶ ሆድ መሆን አለበት። ወተት የገባበት ማኪያቶ ምግብ ነው። የቡና ቁርስም ምግብ ነው።

ጾምን በተመለከተ ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው የጠዋቱን ክኒንና ውኃውን ሊተው ይፈተናል። ታክሮሊመስ በየ12 ሰዓቱ ነው፤ አንዱ ሲዘለል ሰውነት ጉበቱን ሊቃወመው ይችላል። ለዚህ ከንስሐ አባትዎ ጋር ቀድመው ይነጋገሩ። ለታመመ ሰው መፍትሔ እንደሚሰጡ ያያሉ። ከሥጋና ከወተት መጾም ሌላ ነገር ነው፤ ክኒኑን አይነካም። በረመዳን የሚጾሙም ወሩ ሳይገባ ሐኪማቸውን ያማክሩ። መጾም መቻል አለመቻላቸውን፣ በቀን አንድ ጊዜ ወደሚወሰድ የታክሮሊመስ ዓይነት መቀየር ይቻል እንደሆነም ይጠይቁ። ራስን ችሎ ሰዓት ማዛወር አይገባም።

ስለ ጠበልም እንዲሁ። ጠበል መጠመቅ መድኃኒት ማቋረጥን አይጠይቅም። ክኒንዎን ይዘው ይሂዱ፣ በሰዓቱ ይዋጡ። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ግን ያልፈላ ውኃ መጠጣት ለተዳከመ ሰውነት ኢንፌክሽን ያመጣል። ለሐኪምዎም ለካህኑም በግልጽ ይናገሩ።

አንድ ቀን የፀረ ቫይረሱን ክኒን ከረሱ ባስታወሱ ጊዜ በዚያው ቀን ይዋጡ። የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ አንዱን ብቻ ይዋጡ፤ ሁለት አይደርቡ። ክኒኑን እንደዋጡ ካስመለሰዎት ደውለው ይጠይቁ።

ክምችትን በተመለከተ የእኔ ሕግ ቀላል ነው። እቤት ውስጥ ሁልጊዜ የአንድ ወር ትርፍ ይኑር። የመጨረሻው ዕቃ ሲከፈት አዲስ ግዢ ይጀመራል እንጂ ሲያልቅ አይደለም። ቴኖፎቪር በኤች አይ ቪ ሕክምና ምክንያት በአገራችን በደንብ የሚታወቅ መድኃኒት ነው። ኢንቴካቪርን ግን ዞሮ መፈለግ ሊጠይቅ ይችላል። ካጡ ሐኪምዎ ወደ ቴኖፎቪር ሊቀይርዎ ይችላልና ሳያልቅ ይደውሉ። በሻንጣ የመጣ፣ ማሸጊያው የተከፈተ፣ የት እንደተቀመጠ የማይታወቅ መድኃኒት አይግዙ። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁም ሥራ ስትቀይሩ ወይም ኢንሹራንስ ስትለውጡ በመሀል ያለውን ክፍተት ቀድማችሁ አስሉ።

ኩላሊትም ይታይ። ታክሮሊመስ ኩላሊትን ይጫናል፤ ቲ ዲ ኤፍም ኩላሊትንና አጥንትን ሊጎዳ ይችላል። የኩላሊትን ሁኔታ የሚያሳየው ክሬአቲኒን የተባለው የደም ምርመራ ውጤት እየጨመረ ከሄደ ሐኪሙ መጠኑን ያስተካክላል ወይም ወደ ቲ ኤ ኤፍ ወይም ወደ ኢንቴካቪር ይቀይራል። ለመቀየር እንጂ ለማቆም ምክንያት አይደለም።

6. መርፌው የሚቀጥል ከሆነ

ኢሚዩኖግሎቡሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለ ቅዝቃዜ ይቀመጣል። መቀዝቀዝ አለበት፤ በረዶ መሆን ግን የለበትም። ስለዚህ ፍሪጅ ውስጥ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ ይሁን፤ ከበር ላይና ከበረዶ ቤቱ ይራቅ። ሲያጓጉዙ በረዶው ብልቃጡን በቀጥታ እንዳይነካ በጨርቅ ወይም በካርቶን ይለዩት። መብራት ከጠፋ ፍሪጁን አይክፈቱ። በረዶ ሆኖ የነበረ መርፌ ቢቀልጥም አይወጋም።

የስኳር ሕመም ላለባቸው አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በደም ሥር የሚሰጡ አንዳንድ የኢሚዩኖግሎቡሊን ዓይነቶች ማልቶስ አላቸው። ማልቶስ በአንዳንድ የጣት መለኪያዎች ላይ ስኳሩን ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ያሳያል። ያንን አምኖ ኢንሱሊን የጨመረ ሰው ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። መርፌውን የሚሰጠውን ባለሙያ «ማልቶስ አለበት ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

መርፌው በቂ መሆኑ የሚለካው በደም ውስጥ ያለውን ፀረ እንግዳ አካል በሚለካው፣ አንቲ ኤች ቢ ኤስ በተባለው ምርመራ ነው። ደሙ የሚቀዳው ከሚቀጥለው መርፌ በፊት ነው፤ ከመርፌው በኋላ ከተቀዳ ቁጥሩ ያሳስታል። ብዙ ማዕከላት በመጀመሪያዎቹ ወራት ከ500፣ ቆይቶ ደግሞ ከ100 በላይ እንዲሆን ይፈልጋሉ። ዋናው ግን የእርስዎ ማዕከል የወሰነው ልክ ነው። ቁጥሩ ከተለመደው ፈጥኖ ከወረደ ቫይረሱ ፀረ እንግዳ አካሉን እየጨረሰው ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ይነገር።

7. የላብራቶሪ ወረቀቱን ማንበብ

የምርመራው ጊዜ እንደየማዕከሉ ይለያያል። የተለመደው በመጀመሪያው ዓመት በየሦስት ወሩ፣ ከዚያ በየስድስት ወሩ ኤች ቢ ኤስ ኤ ጂና ቫይራል ሎድ ማየት ነው። የጉበት ኢንዛይሞችና የታክሮሊመስ መጠን ከዚያ በላይ ደጋግመው ይታያሉ። ለታክሮሊመስ ደም የሚቀዳው የጠዋቱ ክኒን ከመዋጡ በፊት ነው። በምርመራ ቀን ክኒኑን ኪስዎ ይዘው ይሂዱ፤ ከተቀዱ በኋላ ይዋጡ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ከንቅለ ተከላ በኋላ ኤች ቢ ኤስ ኤ ጂ ብዙውን ጊዜ ኔጌቲቭ ይሆናል። ወረቀቱ ላይ አንቲ ኤች ቢ ኤስ ፖዘቲቭ የሚልም ሊኖር ይችላል። እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ ያየ፣ ታሪክዎን የማያውቅ ባለሙያ «በሽታው ለቆዎታል፣ መከላከያም አለዎት» ሊል ይችላል። መርፌ እየተወጉ ከሆነ ያ ፀረ እንግዳ አካል ከመርፌው የመጣ ነው፤ መርፌው ሲቆም እሱም ያልቃል። ኔጌቲቭ የሆነውም መከላከያው እየሠራ ስለሆነ ነው። መድኃኒቱን ያቁሙ የሚል ምክር ከማንም ቢመጣ፣ ከሐኪምም ቢሆን፣ ንቅለ ተከላውን የሚከታተለው ቡድን ሳይስማማ አይቀበሉ። «ጉበቴ የተተከለ ነው፣ በሄፓታይተስ ቢ ምክንያት» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በየሄዱበት ክሊኒክ መጀመሪያ ይናገሩት።

ቫይራል ሎዱ ላይ «አልተገኘም» የሚልና «ከ20 በታች» የሚል ውጤት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ምንም አልታየም ማለት ነው። ሁለተኛው ታይቷል፣ ግን ለመቁጠር አነሰ ማለት ሊሆን ይችላል። መደናገጥ አያስፈልግም፤ ይደገማል። ከተቻለ ሁልጊዜ በአንድ ላብራቶሪ ይመርመሩ፤ ውጤቶቹን ማወዳደር ይቀላል። ኢንዛይም ከፍ ካለም በራስዎ አይተርጉሙት። የቫይረሱ መመለስ ሊሆን ይችላል፣ ሰውነት ጉበቱን መቃወም መጀመሩም ሊሆን ይችላል። ሕክምናቸው ደግሞ አንድ አይደለም።

ንቅለ ተከላው የተደረገው ለጉበት ካንሰር ከነበረ ሌላ ነገር ይጨመራል። የኤች ቢ ኤስ ኤ ጂ ድንገት መመለስ አንዳንዴ የካንሰሩ መመለስ ምልክት ነው። ሐኪሙ ሲቲ ስካን ወይም ኤም አር አይ ሊያዝ ይችላል።

8. ከሌላ መድኃኒት ጋር

ሪፋምፒሲን የተባለው የቲቢ መድኃኒት ታክሮሊመስን በደም ውስጥ በጣም ያወርደዋል፤ ከቲ ኤ ኤፍ ጋርም አብሮ አይሰጥም። ቲቢ ከተገኘብዎት ሕክምናው መጀመር አለበት፤ ግን ንቅለ ተከላውን የሚያውቀው ሐኪም ከመጀመሪያው ክኒን በፊት ይስማ። ክላሪትሮማይሲንና ፍሉኮናዞል ደግሞ ታክሮሊመስን ከፍ ያደርጉታል። ግሬፕ ፍሩትም እንዲሁ። ለራስ ምታት ብሎ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መዋጥ ኩላሊትን ይጎዳል። ፓራሲታሞል ይሻላል፤ በቀን ከ2 ግራም ሳያልፍ።

ዓይን ቢጫ ሲሆን የእኛ ሰው «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ቅጠል ይቀጠቅጣል። የሚያደርገው በፍቅር ነው። ነገር ግን የቅጠሉ መጠን አይታወቅም፤ የሚያልፈውም በአዲሱ ጉበት ውስጥ ነው። ለተተከለ ጉበት አይሆንም ማለት ይቻላል፤ በአክብሮት። ጫት፣ አረቄ፣ ጠጅና ጠላም ይቅሩ።

9. እቤት ያሉትን መጠበቅ

የትዳር ጓደኛ፣ ልጆች፣ ወንድምና እህት ይመርመሩ። ኔጌቲቭ የሆኑት ይከተቡ፤ በተለመደው አሰጣጥ ሦስት ጊዜ ነው፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከወር በኋላ፣ ሦስተኛው ከመጀመሪያው ከስድስት ወር በኋላ። ምላጭ፣ ጥፍር መቁረጫና የጥርስ ብሩሽ የየራስ ይሁን። በአንድ ማዕድ መብላት፣ መጎራረስ፣ በአንድ ሲኒ መጠጣት ሄፓታይተስ ቢን አያስተላልፍም። በዚህ የተነሳ ሳህን ለይቶ የሚያስቀምጥ ቤት ካለ ዛሬውኑ ይተወው።

10. ተመልሶ ከተገኘ

ቫይረሱ ሲመለስ መጀመሪያ ላይ ብዙውን ጊዜ ምንም ምልክት የለውም። ለዚህ ነው ደህና ሆኖ የሚሰማው ሰውም ደሙን የሚመረመረው። ቆይቶ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ እንደ ሻይ የጠቆረ ሽንት፣ የዓይን ቢጫነት ሊመጡ ይችላሉ። እነዚህን ካዩ በዚያው ቀን ይደውሉ፤ ቀጠሮ አይጠብቁ።

ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ክኒኑ ተቋርጦ እንደነበር ነው። ተቋርጦ ከነበረ እውነቱን ይንገሩት። «በየቀኑ ወስጃለሁ» ከተባለ ቫይረሱ መድኃኒቱን ተላምዶታል ብሎ ሊያስብና ሕክምናውን ያለ አግባብ ሊቀይር ይችላል። እውነት ሳይቋረጥ ከተመለሰ ደግሞ የመላመድ ምርመራ ይደረጋል፤ መድኃኒቱ ይቀየራል ወይም ሌላ ይጨመርበታል። ዛሬ ባሉት መድኃኒቶች ተመልሶ የተገኘ ሄፓታይተስ ቢን መልሶ ማውረድና ጉበቱን ማትረፍ ይቻላል፤ በተለይ በጊዜ ከተደረሰበት። ሐኪሙ ሌላ እስኪያዝልዎ ድረስ በእጅዎ ያለውን ክኒን በሰዓቱ መዋጥዎን አያቁሙ።